ጥያቄ የማይዘል ሰው

ጥበቡ ማረፉን አውቃለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ሙሉቀን ግን የማላውቅ መስሎት ይደብቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሙሉቀን ንፋስ መውጫ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን የምንማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። ሁለታችንም የስማዳ ልጆች፣ ሁለታችንም ማኔጅመንት። የመውጫ ፈተናው በር ላይ ቆሟል። ጥበቡ እስከ ዓምና ድረስ በዚችው ክፍል ሦስተኛችን ነበር። ባለፈው እሑድ ጠዋት ስልኬን ስከፍት፣ የኮሌጁ ተማሪዎችና ተመራቂዎች በሚጻጻፉበት የቴሌግራም ገጽ ላይ ፎቶውን አየሁት። ከሥሩ የሻማ ምልክት ተደርድሯል። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሏል። ሌላው «የኛ የኔታ» ብሏል። ሌላው ደግሞ በድንገት ታሞ ወደ ደብረ ታቦር ሊያደርሱት ሲሉ መንገዱ ተዘግቶ እንደቆየባቸው ጽፏል። አነበብኩት። ከዚያ የተቀዳልኝን ሻይ ጠጣሁ፤ ዳቦውንም በላሁ። ዳቦው ትንሽ ደርቆ ነበር።

ረፋድ ላይ ሙሉቀን ሽንኩርት ሊገዛ ከወጣበት ገበያ ተመልሶ ገባና «ስማ ዳኜ፣ ይኼ ስልክ አዘናግቶሃል። ፈተናው እስኪያልፍ እኔ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። አየሁት። ፊቱን ታጥቧል፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል። ሰጠሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ልብሴን ያጥብልኛል። ወጡን ወደኔ ይገፋል። ስልክ ሲደወልለት ወጥቶ አጥሩ ጥግ ነው የሚያነጋግረው። ገበያ ልውጣ ስል «ተው፣ ነፋሱ መጥፎ ነው» ይለኛል፤ ንፋስ መውጫ ላይ ነፋስ ፈርቶ ቤት የዋለ ሰው ያለ ይመስል።

በኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሰዓት አለው፣ ሰው አለው። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ ነው፤ ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ ነው። ለተማሪ ሲሆን ደግሞ እስኪፈተን ይጠበቃል። እናት ትሙት፣ አባት ይሙት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተላጭቶ ጥቁር ለብሶ፣ ልጁ ብቻ ኮሌጅ ተቀምጦ የገበያ ጥናት ያጠናል። ይህን ክፋት ነው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔም አድርጌዋለሁ። ዓምና እኔና ሙሉቀን ሁነን፣ ለራሱ ለጥበቡ፣ እንዲሁ አድርገናል። ሙሉቀን ገና አፉን ሳይከፍት የነቃሁበትም ለዚህ ነው። ሙያውን አብረን ነዋ የተማርነው።

ማወቄን አልነገርኩትም። ለማልቀስ ሞክሬ ነበር፤ እንቢ አለኝ። ብዙ ሰዓት መኪና ውስጥ ታጥፎ የዋለ እግር እንዴት እንደሚደነዝዝ ታውቃላችሁ፤ ሁለመናዬ እንደዚያ ሆኗል። ጠዋት ተነሥቼ ኮሌጅ እሄዳለሁ፣ የክለሳ ትምህርት ካለ እቀመጣለሁ፣ መምህሩ ሲስቅ እስቃለሁ፣ ቤት ስመለስ ሃንድአውቱን እገልጣለሁ። ገጹ ይገለጣል እንጂ ምን እንዳነበብኩ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። እንዲህ ከሆነማ የሚመጣልኝን ልጻፍ ብዬ ስለ ጥበቡ መጻፍ ጀመርኩ።

«የኔታ» ያልነው እኛ ነን። በዕድሜ ብዙ ይበልጠናል፤ በትምህርትም አንድ ዓመት ይቀድመናል። የእስቴ ሰው ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ካለ ገጠር። ገና ጥርሱን ሳይነቅል ከቤት ወጥቶ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ነው ያደገው። ዳዊት ደግሟል፣ ጾመ ድጓ ዘልቋል፣ ቅኔ ቤት ከርሟል። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዘመናዊውን በማታ ተምሮ ጨረሰና ኮሌጅ ገባ። ያውም ማኔጅመንት።

«ምን ሊያስተዳድሩ ነው የኔታ?» እንለው ነበር።

«ሽሮ» ይላል ሳይስቅ። «ማኔጅመንት ማለት አንድ ጭልፋ ሽሮ ለሦስት ሆድ ማዳረስ ነው። ሌላው ትርፍ ነገር ነው።»

አንቱታው መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ኋላ አፋችን ለመደውና ቀረ። እሱም አንድ ቀን ተቆጥቶ «እኔም እንደናንተ ተማሪ ነኝ፤ አንተ በሉኝ» ቢለን «እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አልነው። በአፌ አንቱ፣ በልቤ አንተ ነበር የምለው። እዚህም እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል፣ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል። አብረን በተቀመጥንበት ክፍል መምህሩ ሲጠይቀው ብድግ ይላል፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያጥፋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መልሱ የሚመጣው። አንዱ ወጣት መምህር «ቁጭ ብለህ መልስ፣ ግድ የለም» ቢለው «ቁጭ ብዬ አይመጣልኝም» አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እሱ ግን ቀልድ አልነበረም ያወራው። ቁጭ ብሎ በእውነት አይመጣለትም።

ሲያጠናም እንዲሁ ነው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከጓሮ አጥሩን ተከትሎ ይመላለሳል። የሚያጠናው ግን በዜማ ነው። «ፕላኒንግ፣ ኦርጋናይዚንግ፣ ሊዲንግ፣ ኮንትሮሊንግ» የሚለውን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ እያደረገ ሲያንቆረቁረው፣ ማስታወሻው ላይ ያየኸው ደረቅ ቃል ነው ብለህ አትገምትም። የቤቱ ባለቤት እትዬ የሽ ከጓዳ ብቅ ይሉና «ዛሬ ደግሞ የምን ማኅሌት ነው ጥበቡ?» ይሉታል።

«ማርኬቲንግ ነው እትዬ።»

«ይሁን ይሁን። ዜማው ግን ደስ ይላል።»

መብራት ሲጠፋ ሌሎቻችን እፎይ ብለን እንጋደማለን፤ የሱ ድምፅ ግን ከጓሮ አይቋረጥም። መብራት ምን ያደርግለታል፣ ሁሉ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ጥናት እንዴት ነው ሲሉት «ክለሳ ላይ ነኝ» ይላል። እራት ምንድን ነው ስንለው የትናንቱን ሽሮ ውኃ እየጨመረ «ክለሳ» ይላል። ክረምት ከበጋ መልሱ ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሰው የመውጫ ፈተናውን መጀመሪያ ሲፈተን ወደቀ።

የወደቀበት ምክንያት እስካሁን ይገርመኛል። የአብነት ተማሪ ያልያዘውን ረግጦ አይሄድም። አንዲት መስመር ካስቸገረችው እዚያችው ላይ ይመላለሳል፤ ቀን ትፍጅ፣ ሳምንት ትፍጅ፣ እሷን ሳያነሣ ወደፊት የሚባል ነገር የለም። ጥበቡን ይኸ ነው ያሳደገው። የመውጫ ፈተና ደግሞ በኮምፒውተር ነው፤ ሰዓቱ ከላይ ሆኖ ወደታች ይቆጥራል። የከበደህን ትዘለዋለህ፣ የምታውቀውን ሠርተህ ኋላ ትመለስበታለህ። ጥበቡ ገና ከመግቢያው አንድ የከበደ ጥያቄ ገጠመውና ቆመ። ከአራቱ ምርጫዎች ጋር ሲሟገት፣ ሲያስታርቅ፣ እንደገና ሲሟገት ሰዓቱ አለቀበት። ጥርት አድርጎ የሚያውቃቸው ጥያቄዎች ሳያያቸው ቀሩ።

«ምናለ ቢዘሉት ኖሮ?» አልኩት።

«ያላወቅሁትን እንዴት ረግጬ ልሂድ?» አለኝ። ተናዶ አልነበረም። ገርሞት ነበር።

ቀጣዩ ፈተና ለሱ የመጨረሻ ነበር። እንዲያ ያለ ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ራሱ ነው የቆረጠው። «ካሁን በኋላ ወደ አብነት ቤት ልመለስ ብል ያፍሩብኛል፣ ሞፈር ልጨብጥ ብል እጄ አይችልም» ይል ነበር። ከሁሉ በላይ ግን እናቱ ነበሩ። ኮሌጅ ሲገባ ቀዬው ሁሉ «ይርገዱ የቤተ ክርስቲያኑን ልጅ ለዓለም ሰጠችው» ብሎ አምቷቸዋል። እሳቸው ናቸው «ልጄ ቢማር እናንተን ምን ቆረጣችሁ» ብለው የቆሙለት። «ሁለተኛ ከወደቅሁ የማሳፍረው እሷን ነው» አለን አንድ ቀን። «እኔማ ማፈር ለምጃለሁ።»

እሑድ እሑድ ይደውልላቸዋል። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ድምፃቸውን ሁላችንም እንሰማዋለን።

«ጥበቡዬ፣ በላህ?»

«በላሁ እናቴ።»

«መቼ ነው የምትጨርስ?»

«ደርሷል እናቴ።»

«እደግ።» አለቀ። ሌላ ወሬ የላቸውም።

መዝለልን ማስተማር የሙሉቀን ሥራ ሆነ። ሙሉቀን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የድሮ ጥያቄዎችን ይሰበስባል፣ ስልኩን ሰዓት አድርጎ ይይዛል፣ ጥበቡ አንዱ ጥያቄ ላይ ሲዘገይ «ይዝለሉ የኔታ!» ይላል። ጥበቡ አይዘልም። «ይዝለሉ እንጂ!» አይዘልም። በመጨረሻ አንቱታው ይጠፋውና «ዝለል አንተ ሰውዬ! ኋላ ትመለስበታለህ!» ብሎ ወረቀቱን ይነጥቀዋል። ሳምንታት እንዲህ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው የገባኝ።

ፈተናው አንድ ወር ያህል ሲቀረው የጥበቡ ታላቅ ወንድም ገብሬ መጣ። ጥበቡን አልነበረም የፈለገው። እኔንና ሙሉቀንን መናኸሪያው አጠገብ አስጠራንና፣ ሰው እንዳይሰማው ዙሪያውን አይቶ፣ እናታቸው ማረፋቸውን ነገረን። ተቀብረዋል። ሣልስታቸውም ወጥቷል። «እስኪፈተን እንዳይሰማ» አለን። «አደራ። አደራ በላ እንዳትሆኑ።» ገብሬ ጠብደል ገበሬ ነው፤ ያን ሲል ግን የሙሉቀንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

እንዳመጣጡ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ጥበቡ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ አየውና ነገር ተበላሸ። ቤት ይዞት ገባ። ገብሬ እንደ ምንም ብሎ ስንቅ ላደርስ መጥቼ ነው አለ፤ በሶና ቆሎ ይዞ ስለነበር እሱ እንኳ አልከፋም። ጥበቡ ውኃ ሰጠው። ገብሬ የሹራብ ቆቡን እንደደፋ ተቀብሎ ጠጣ።

«እናቴ እንዴት ናት?»

«ጸበል ሄዳለች። ወገቧን ትንሽ አሟት ነበር።»

«ስልኳስ?»

«እዚያ ኔትወርክ የለውም።»

ጥበቡ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወንድሙን አየው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሙሉቀን ምጣድ ላይ እንዳለ እህል ይቁነጠነጣል። «ደግ ነው» አለ ጥበቡ። «እግዜር ይማራት።» ሌላ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ እኔና ሙሉቀን ሥራ በዛብን። ከእስቴ የሚመጣ ሰው እንዳያገኘው ከገበያ እናርቀዋለን። ስልኩ ሲጠራ አንዳችን እንቀድመዋለን። ልብሱን እናጥብለታለን፤ ተራው ሲደርስ ውኃ እንቀዳለታለን፤ ከሽሮው ጋር እንቁላል እንፈልግለታለን። እሱ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ያደርሳል፣ ተመልሶ ያጠናል። አንድ ቀን ዳቦ ገዝቶ መጣና ለኛም፣ ለእትዬ የሽም፣ ለጎረቤቱም ቆራርሶ አደለ። «የምን ነው የኔታ?» ስለው «እንዲሁ ነው፤ ብሉ» አለ። በላን። ጣፋጭ ዳቦ ነበር።

መዝለልም ጀመረ። እንዴት እንደሆነ አላወቅንም፤ ጥያቄው ሲከብደው ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሙሉቀን ደስታውን አልቻለውም። ጥበቡ ሲወጣ ጠብቆ «አየህ፣ ገባው» ይለኛል። «ያለ እናት መቅረቱን ሳያውቅ ይኸን ፈተና ቢያልፈው፣ ለሷም ከተዝካር ይበልጣታል።»

በፈተናው ቀን በር ላይ ጠበቅነው። ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«እንዴት ነበር?»

«ዘለልኩ» አለ። «ተመለስኩ። ጨረስኩ።»

በማግስቱ እናቱን ሊጠይቅ ነው ተብሎ ወደ አገሩ ይዤው ሄድኩ። የገብሬ ትእዛዝ ነው፤ መርዶው ቤቱ ይነገረዋል፣ ብቻውን ግን አይምጣ። ሙሉቀን ትምህርት ነበረበትና ቀረ። ደብረ ታቦር ላይ አውቶቡስ ቀየርንና ወደ መካነ ኢየሱስ ስንጓዝ ጥበቡ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆይቶ፣

«ዳኛቸው» አለኝ።

«አቤት የኔታ።»

«ማን ነው የሚነግረኝ? ገብሬ ራሱ ነው ወይስ ሽማግሌ ልኳል?»

«ምኑን?» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌባ ሆነ።

«ተው እንግዲህ። ፈተናው አልቋል።»

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዶሮ ይዛ ነበርና ዶሮዋን ዶሮዋን አየሁ። ትንሽ ቆይቼ «መቼ አወቁ?» አልኩት።

«ገብሬ የመጣ ቀን። ወንድሜ ቤት ገብቶ ቆቡን የማያወልቅ ስድ አይደለም። ተላጭቷል ማለት ነው። ማን እንደሞተ ግን አላወቅሁም ነበር። እሱን የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«እኛ?»

«ውኃ መቅዳት ተራዬ ነበር። ሙሉቀን ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቆ ሄደ። አክስቴ ብትሆን ሙሉቀን ውኃ አይቀዳልኝም።»

ሳቄ መጣ። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። ሁለታችንም ወዲያው አፈርንበት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

አውቶቡሱ አንዱን ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ ጨረሰ። «ዝለል፣ ዝለል ስትሉኝ አልከረማችሁም?» አለኝ። «ኋላ እመለስባታለሁ ብዬ እናቴን ዘለልኳት።»

እንደ ተራ ወሬ ነበር የሚያወራው፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። «አሁን ልመለስባት ብል እንባው የለም። ደርቋል። ሲነጋ ሽማግሌዎቹ ሲነግሩኝ አገር ቆሞ ያየኛል። ጨከነ ይሉኛል። እሷንም መቃብር ድረስ ተከትለው፣ ይኸውልሽ ያስተማርሽው ይሏታል። ስጮህ ያዘኝ፣ እሺ? ስለምወድቅ አይደለም። ፊቴን እንዳያዩት ነው።»

«እሺ» አልኩት።

ያደርነው ጎረቤት ቤት ነው። ቤታቸው ተበላሽቷል፣ እየታደሰ ነው አሉን። ሁለታችንም አመንን። እራቱ ያለ በዓሉ የበዛ እራት ነበር፤ ጥበቡ የቀረበለትን ሁሉ በላ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። የንስሐ አባታቸው ከፊት ናቸው። ገብሬ በሩ ጥግ ቆሟል፣ አሁን ቆብ የለውም።

«ልጄ ጥበቡ» አሉ አባ። «አንተ የተማርህ ነህ፤ ቃሉን ከኛ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አዳምም ሞቷል፣ ሔዋንም ሞታለች። እናትህ ይርገዱ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ጥበቡ ጮኸ። «እናቴን!» አለና ደረቱን መታ። ከውጭ የሚጠብቁት ሴቶች ጩኸቱን ተቀብለው አነሡት። ዘልዬ ያዝኩት፤ ራሱን ትከሻዬ ላይ ደፍቼ ፊቱን በጋቢዬ ሸፈንኩት። ደረቅ ነበር። ጉንጩ አንገቴን ሲነካው ደረቅ ነበር። እያቃሰተ ይጮሃል፣ እኔም አብሬው እወዛወዛለሁ፣ ሁለታችንም እንጠብቃለን እስኪያልፍ። ሊያልፍልንም ነበር።

ገብሬ ሕዝቡን ገፍቶ መጣና እግሩ ሥር ተንበረከከ። «ይቅር በለን ወንድሜ» አለ። «ሆን ብለን አይደለም። እሷ ናት አስምላን የሞተች።»

ጥበቡ ጩኸቱን አቆመ። ራሱን ከትከሻዬ አነሣ። «ምን አልክ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ተኝታ ነበር። ልጄ እስኪፈተን እንዳይሰማ፣ ብሞትም እንዳይሰማ አለችን። አንተ እሑድ እሑድ ስትደውል አስቀምጡኝ ትለናለች። ተኝቼ ካወራሁት ድምፄ ያስታውቅብኛል እያለች። በትራስ ደግፈን እናስቀምጣታለን። ስልኩ ሲዘጋ መልሰን እናስተኛታለን።»

«በላህ ነበር የምትለኝ» አለ ጥበቡ።

«አዎ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ለማንም ቃል አትተነፍስም። ይደክማታል።»

«ተቀምጣ?»

«ተደግፋ።»

ጥበቡ ባለበት መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ጉልበቱን የታመመ ሰው ይመስል። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ አፉ ብቻ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ እንባው መጣ። እሱን ጩኸት አልለውም፤ ምን እንደምለው አላውቅም። ፊቱን ልሸፍንለት ብል እጄን ገፋው። አገር ሁሉ አየው።

ለቅሶው ላይ አብሬው ሰነበትኩ። ስመለስ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸኘኝ። ዓይኑ አብጦ ነበር፣ ድምፁም ተዘግቷል፤ ግን ያው ጥበቡ ነበር፣ አንገቱ ዘንበል ያለ። «ቤት ሙሉ ልጅ ይዛ ብቻዋን ታመመች» አለኝ። «እኔም እናንተን የመሰሉ ልጆች ይዤ ብቻዬን ከረምኩ። ምነው አውቄያለሁ ባልኳችሁ ኖሮ። ቢበዛ ፈተና እወድቅ ነበር። ወድቄ አላውቅም?»

አልወደቀም። ውጤቱ ሲመጣ አልፏል። እዚያው እስቴ ወረዳ አንድ ቢሮ ገባ። ስንደውልለት «አሁንስ ምን ያስተዳድራሉ?» እንለዋለን፤ «ቁልፍ» ይላል። «ሥራ አስኪያጁ ሲያረፍድ ሕዝቡን ይዤ ደጅ እቆማለሁ።» ደስ ብሎት እንደሆነ፣ ከፍቶት እንደሆነ ከድምፁ አይታወቅም። የመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ጥናት እንዴት ነው አለኝ። ክለሳ ላይ ነኝ አልኩት።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳልነሣ ሙሉቀን ገባ። ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ «ሾርት ኖት ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ፈተና እየደረሰ ተረት ትጽፋለህ እንዴ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። «ሙሌ፣ አውቄያለሁ» አልኩት።

«ምኑን?»

«የጥበቡን። እሑድ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ስልኬን ሳትወስደው በፊት።»

ቆሞ ቀረ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሙሉቀን ሲደነግጥ የሚያውቀው ቁጣ ነው። አልተቆጣም። ሄዶ ጥበቡ ይተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጫማውን ጫማውን ያይ ጀመር።

«ገብሬ ነው የደወለልኝ» አለ። «ለዳኛቸው እንዳትነግረው፣ ይፈተን አለኝ። እሺ አልኩት።»

የጻፍኩበትን ወረቀት አጠፍኩት።

«ዳኜ፣ እኔም እኮ ተፈታኝ ነኝ።»

ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ሲደብቀኝ አይቻለሁ፤ ልብሴን ሲያጥብ፣ ወጡን ወደኔ ሲገፋ፣ አጥሩ ጥግ ቆሞ ስልክ ሲያናግር። አንዴም ግን ስልክ ባልያዘበት ሰዓት አጥሩ ጥግ ምን እንደሚሠራ አልጠየቅሁም። ጥበቡን ቀን ከቀን ዝለል እያለ ያስተማረው እሱ ነው። ለሱ የደበቀለት የለም። ለሱ መርዶ የመጣው በስልክ ነው፣ ገበያ መሐል፣ ቆሞ ሽንኩርት ሲመርጥ። ሽማግሌ አልተላከለትም፤ ያዘነለትም የለ፤ የያዘውም የለ።

ተነሣሁ። ጋቢዬን ተከናነብኩና በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ውጭ ነፋሱ ይነፍሳል፣ እትዬ የሽ ልብስ ይሰበስባሉ። ትንሽ ቆሜ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ራሴን ዝቅ አድርጌ ተመልሼ ገባሁ።

«እግዜር ያጽናህ» አልኩት።

ሙሉቀን ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሞልቷል። የኔ አሁንም ደረቅ ነው።

«አንተንም ያጽናህ» አለና ገለል ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።